ተዳፋት የለመደ እግር

ደሴ ላይ ሜዳ ሲታደል የሀዚም ግቢ ሳይደርሰው ቀርቷል። የሌላውም ሰው ግቢ ከተዳፋት አላመለጠም፤ የሱ ግን ጭራሽ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እንደ ኮት ተሰቅሎ የቀረ ነው። በሩ ላይ ሎሚ ያመለጠው ሰው ሎሚውን የሚያገኘው ታች አስፋልቱ ላይ ነው ይባላል። ሀዚም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ድሆ፣ እዚያው ስለቆመ ግቢው ዘንበል ማለቱን አያውቀውም። እንግዳ መጥቶ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሲገባ፣ ሰውየው አሞት ይሆን እያለ ያዝንለታል።

ሀዚም ጨርቅ ነጋዴ ነው። አያቱ ከየመን ጨርቅ ይዘው መጥተው ደሴ ላይ አረፉ፤ እሱም ጨርቁን እየሸጠ እዚያው አረፈ። አጭር፣ ሆዱ ቀድሞት ሱቅ የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ክርክር ውስጥ ከገባ ግን ውሃ እንደጠጣ ቡልኮ ይከብዳል፤ የሚያነሣው የለም።

የበኩር ልጁ ኢንሻራህ ለኮምቦልቻው ልጅ ለባሽር ታጨች። ሁለቱ ቤተሰቦች፣ ሁለት ቦታ ከመደገስ አንድ ትልቅ ድግስ ይሻላል ብለው፣ ኒካሁም ግብዣውም ባንድ ቀን ባንድ ቦታ እንዲሆን ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ማሻአላህ ነበር። የት ይሁን ሲባል ነገሩ ቆመ።

የባሽር አባት አብዱረህማን፣ ኮምቦልቻ ይሁን አለ። ምክንያቱም የሚታይ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ሰፊ ሜዳ አለው። ድንኳን ይተከልበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ወጥ ከሳህን አይፈስበትም። ሀዚም ደሴ ይሁን አለ። ለምን ሲባል የኮምቦልቻን ሙቀት አነሣ። ለሙቀቱ መልስ ሲያገኝ ትንኙን አነሣ። ለትንኙም መልስ ሲያገኝ ወደ ሙቀቱ ተመለሰ፤ ዋናውን ምክንያት መናገር አይችልማ።

ዋናው ምክንያት እናቱ ናቸው። እማማ ሱሀይላ ሀረጎን አይወርዱም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አንድ ጊዜ ብቻ ወርደውታል፤ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ከፊታቸው ያለውን ወንበር አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚያውቁትን ዱዓ ጨርሰው የማያውቁትን ጀምረው ነበር የደረሱት። ከዚያ ወዲህ ደግመው አላዩትም። ፈሩ መባልን ደግሞ አይወዱም። ሰው ሲጠይቃቸው፣ ኮምቦልቻ ምን አለና ብለው ያልፉታል። ኢንሻራህ እሳቸው አልጋ ላይ፣ እሳቸው ጉያ ውስጥ ያደገች ናት። ያለሳቸው ሰርግ እንዳይሆን የልጅቱም ዓይን ይናገራል፣ የሳቸውም። ሆኖም ሀዚምን ለብቻው ጠርተው አስጠነቀቁት።

«በኔ ሰበብ የልጅቱን ሰርግ እንዳትጎትት። እኔ እዚሁ ሁኜ ዱዓ አደርጋለሁ። እናቴ ፈርታ ነው ብለህ ላማች ብትናገር ግን አፉ አልልህም።»

ሀዚም እንግዲህ ወይ እናቱ የሌሉበትን ሰርግ ሊበላ፣ ወይ እናቱን ሊያዋርድ ሆነ። ሁለቱም አልዋጥልህ አለው።

አብዱረህማን ዱባይ ሄዶ ብዙ ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጠጣና ሲያጭድ የኖረ ሰው ነው። ሌላው ሲመለስ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ያመጣል፤ እሱ አንድ ረጅም ቦርሳ ሙሉ የጎልፍ ዱላ ይዞ መጣ። ሰፈሩ መጀመሪያ ዓሣ ማጥመጃ መስሎት ነበር። ቦርከና ዳር ካለው መሬቱ ከፊሉን ሣር አሳመረበት፤ ላሞቹ ሳይኖሩ እሱ ኳስ ይመታበታል፣ እሱ ሳይኖር ላሞቹ ይግጡበታል።

ለንግግሩ ከደሴ የወረዱት ሀዚምና ጎረቤቱ ጋሽ ኪዳኑ ናቸው። ጋሽ ኪዳኑ የሚኒባስ ባለቤትም ነጂም ናቸው፤ ሀረጎን ከገዛ ቤታቸው ደረጃ የበለጠ ያውቁታል። እሳቸው ክርስቲያን፣ ሀዚም ሙስሊም ቢሆንም፣ በዚያ ቤት ጉዳይ ሳይጠሩ የቀሩበት ቀን የለም፤ ሳይጠሩ የመጡበት ቀን ግን አለ። ወሬው ተወርቶ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ አሁንም ነገሩ አልላላ ሲል አብዱረህማን እንግዶቹን ሜዳውን ላሳያችሁ ብሎ ይዟቸው ወጣ። አንዱን ዱላ መዘዘ፤ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ። ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ገላው ሁሉ ቀኝ እግሩ ላይ አረፈ፤ ሲመልሰው ውሃ ካንዱ እንስራ ወደ ሌላው እንደሚገለበጥ ክብደቱ ሾልኮ ወደ ግራው ሄደ። ኳሷ ቦርከናን ተሻግራ ከማዶው ሣር ላይ ነጠረች። አብዱረህማን ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ ፎቶ የሚያነሣው ያለ ይመስል ቀጥ ብሎ ቀረ።

«እንዲህ ያለ ሜዳ ደሴ ላይ አሳየኝና ድግሱን ተሸክሜ ልውጣ» አለ።

ሀዚምን ነገሩ ኮረኮረው። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ስለሚተዋወቁ አንተ ይባባላሉ፣ ይጎናተላሉም።

«ምኑ ይደንቃል? ዱላ ማንሣት ነው። ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ ያነሣል።»

«እንግዲያ ቦርከናን አሻግራት። ካሻገርካት ሰርጉ ደሴ ነው፤ ወላሂ አልከራከርህም።»

ቁማር እንዳይሆንባቸው ሁለቱም ትንሽ ፈሩ። ገንዘብ የለበትም፣ ቃል ብቻ ነው ተባብለው ተጽናኑ። ጋሽ ኪዳኑ ምስክርም ዳኛም ሆኑ። ቀኑ ለወሩ መጨረሻ ተቀጠረ። አብዱረህማን ክፉ ሰው አይደለምና አንድ ዱላና ጥቂት ኳሶች አውሶ፣ ትምህርቱንም ጨመረለት። ነገሩ የክንድ ሳይሆን የእግር መሆኑን ነገረው። ስታነሣ ቀኝህ ይሸከምህ፣ ስትመታ ግራህ ይቀበልህ አለው። ሆድህንም ይዘኸው ዙር እንጂ ጥለኸው አትሂድ ብሎ ጨመረበት።

ሀዚም ትምህርቱንና ዱላውን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ። ከግቢው በታችኛው ጫፍ፣ አጥሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ሰቀለ፤ ራሱ ከላይ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቆመ። ቀኝ እግሩ ከፍ፣ ግራ እግሩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ሜዳ ላይ የቆመ ነው የመሰለው። ዱላውን አነሣ፣ ክብደቱን ወደ ግራ ለቀቀው። ግራው ተቀብሎ ለተዳፋቱ አቀበለው፣ ተዳፋቱም ለአጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ፍራሹን የመታው ኳሷ ሳትሆን ሀዚም ነበር።

ሚስቱ ዐሊማ ከማጀት ብቅ ብላ አየችው። ሰዉ ፍራሽ ላይ የሚተኛው አንጥፎ ነው ብላው ተመለሰች።

ሀዚም ግን ሲይዝ አይለቅም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ሱቁን አርፍዶ እየከፈተ መታ። እየወደቀ እየወደቀ አንድ ዘዴ ገላው ውስጥ ገባ፤ ዱላው ሲወርድ ወገቡን ወደ ኋላ ጎተት አድርጎ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደያዘ አይሱዙ መቆም ለመደ። ተዳፋቱ ሲገፋው እሱ ሲይዝ፣ ተዳፋቱ ሲገፋው እሱ ሲይዝ፣ ኳሷ ፍራሹን መሀል መሀሉን ትለው ጀመር። አንዳንዷ አጥሩን ዘላ ጋሽ ኪዳኑ ግቢ ትገባለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ኪዳኑ ኳሷን ይዘው መጡና፣ ዶሮዬ ከእንቁላሎቿ ጋር ታቅፋት ተገኘች፣ ከተፈለፈለች እኩል እንካፈላለን አሉት።

እማማ ሱሀይላ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ የመስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ያዩታል። ለምን እንደሚመታ አልጠየቁም፤ ጋሽ ኪዳኑ ጎረቤታቸው ሆነው ሳለ የሚጠይቁት ነገር አይኖርም። ዱላው በተነሣ ቁጥር ቢስሚላህ ይሉለታል። ፍራሹ ጧ ሲል ደግሞ ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ፤ ደስ ማለታቸው እንዳይታይባቸው።

ወሩ አለቀ። ሀዚም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በጋሽ ኪዳኑ ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረደ። የአብዱረህማን ዘመድና ጎረቤት፣ ሥራ የፈታም ሥራ ያለውም ባለባጃጅ ሜዳው ዳር ተኮልኩሏል። የተፈቀደለት ሦስት ምት ነው። ሀዚም ቢስሚላህ ብሎ ቆመ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። እግሩ ሥር አንድ ነገር እንደጎደለበት ተሰማው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀውም።

አነሣ፤ መለሰ። ወገቡም እንደለመደው ወደ ኋላ ጎተተ። ፍሬኑ ያዘ፤ ቁልቁለቱ ግን አልነበረም። ሀዚም ኳሷን ሳይነካ በቂጡ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ባለባጃጆቹ እንግዳ ነው ብለው ሳቃቸውን ዋጡ፤ አንዱ ግን አነቀውና አሳለው። በሁለተኛው ምት ኳሷ አናቷን ተነክታ እየተንከባለለች አንዲት ላም እግር ሥር ደረሰች፤ ላሟም አሽታ ተወቻት። ሦስተኛዋ ትንሽ ተነሣች። የሀዚም ልብም አብሯት ተነሣ። ቦርከና መሀል ጧ ብላ ገባች።

አብዱረህማን አልሳቀበትም። አጠገቡ መጥቶ ከሱሪው ላይ ሣሩን አራገፈለት።

«አብሽር፣ አማቼ። ዱላው አዲስ ሆኖብህ ነው።»

«ግቢዬ ውስጥ አንዷንም አልስትም» አለ ሀዚም። ድምፁ የተሰበረ ልጅ ድምፅ ነበር። «አንዷንም።»

ሰዉ እንግዲህ ተሸናፊ ምን ይበል ብሎ አለፈው። አብዱረህማን፣ ደሴ ላይማ ኳሷ ራሷ ትወርዳለች እንጂ መቺ አያስፈልጋትም ብሎ ቀለደ። ይህን ጊዜ ጋሽ ኪዳኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሕይወታቸው አንድም የጎልፍ ጨዋታ አይተው አያውቁም፤ የእግር ኳስ ጨዋታ ግን አምልጧቸው አያውቅም።

«ይኼ ደርሶ መልስ ነው» አሉት አብዱረህማንን። «የኮምቦልቻው ተጠናቀቀ። አንተ ደግሞ ሄደህ የሱን ሜዳ ቅመስ። ፍራሹን ከመታህ ሰርጉ እዚህ ነው፤ ማንም ደግሞ አይናገርም። ከሳትክ ገና እንነጋገራለን።»

አብዱረህማን ተቀበለ። ፍራሽን የሚያህል ነገር መምታት ለሱ ምኑ ነው።

ሀዚም ቤቱ ሲገባ እናቱ በረንዳው ላይ ነበሩ። ተሻገረች? ሲሉት፣ አልተሻገረችም አላቸው። የመልሱ ጨዋታ ገና እንዳለ ቢነግራቸውም ተስፋ አላደረጉበትም። እሺ፣ እኔ እንዳልኩት ከዚሁ ዱዓ አደርጋለሁ ብለው መስበሃቸውን ሰብስበው ገቡ። የዚያን ቀን ማታ ኢንሻራህ ትልቅ ሴት ሆና ሳለች ሄዳ አያቷ አልጋ ላይ ተኛች። ሀዚም ያንን አይቶ በሩን ቀስ ብሎ መለሰው።

አብዱረህማን ጁምዓ ሰግዶ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። ነጭ ጫማ፣ ነጭ ሱሪ፣ እጁ ላይ አንድ ጓንት። ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን ይዞ ገባ። ሀዚም ያ የተለመደ ሐዘን መጣበት፤ ሰውየውን አሞት ይሆን? አብዱረህማን የእማማ ሱሀይላን እጅ ስሞ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቆ፣ ዐሊማ ያቀረበችለትን ውሃ ጠጥቶ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ከታች ፍራሹ ተሰቅሏል። በመሀሉ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ዐሊማ በርበሬ አስጥታለች። ላንሣው ወይ ብትል አብዱረህማን ኩራቱ ተነካ፤ ኳሷ በላዩ ታልፋለች እንጂ በርበሬሽን አትነካም አላት።

አቋቋሙ ያምር ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ዱላው ወደ ኋላ ሄደ፣ ገላው ቀኙ ላይ አረፈ። ከዚያም ዱባይ እንዳየው፣ ቦርከና ዳር እንደለመደው፣ ክብደቱን አንዳች ሳያስቀር ለግራው ለቀቀው። ግራ እግሩ ሊቀበል ወረደ፤ መሬቱን እዚያ ይጠብቀው ከነበረው ቦታ አላገኘውም። ኳሷ በጋሽ ኪዳኑ ጣሪያ ላይ አለፈች። አብዱረህማን ራሱ አንድ ሮጠ፣ ሁለት ዘለለ፣ ከዚያ በነጭ ሱሪው በርበሬው መሀል ተቀመጠ።

ሁሉም ደነገጠ። ከኮምቦልቻ የመጣ አማች እንዲህ ሆኖ ማን ይስቃል? አብዱረህማን አስነጠሰ። ደገመ። ያን ጊዜ ከበረንዳው ሳቅ ተሰማ። እማማ ሱሀይላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ ያንን ተዳፋት ከዘራም ሳይዙ እንደ አዳራሽ ወለል ወርደው አጠገቡ ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ገፋህ?»

«መሬቱ ነው፣ እማማ» አለ አብዱረህማን እያስነጠሰ። «ከኋላዬ ገፋኝ፤ ከፊቴ የሚይዘኝ አጣሁ።»

እማማ ሱሀይላ ሳቃቸው ቆመ። ሰውየውን አዩት፤ ነጩን ሱሪ፣ ቀይ የሆነውን ጓንት። ሀዚም ምን ሊሉ እንደሆነ ገባውና ሊያቋርጣቸው አፉን ከፈተ፤ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙት።

«እኔንም ሀረጎ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አሉ። «ሀዚም ስለ ሙቀት፣ ስለ ትንኝ ያወራህ በኔ ምክንያት ነው። ቁልቁለት እፈራለሁ። አንተ በቤቴ በርበሬ ላይ ተቀምጠህ እኔ ክብሬን ብጠብቅ ነውር ነው።»

አብዱረህማን ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሀዚምን ቀና ብሎ አየው። ይህንን ብትነግረኝ ኖሮ ቦርከናም ፍራሽም ባላስፈለገን ነበር ብሎ ወቀሰው። ሰርጉ ደሴ ነው፣ አለቀ አለ። የሀዚም ልብ ዘለለች። ወዲያው ግን ግቢውን፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አየው። ድንኳኑ ሲንሸራተት ታየው፤ ድስቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የኮምቦልቻ ዘመድ ሁሉ በተራ በተራ በርበሬ ላይ ሲቀመጥ። ደግሞ ሌላ ነገር ታየው። ወደ እናቱ ዞረ።

«እማ፣ ያን ጊዜ ሀረጎ ላይ ፊትሽ ወዴት ነበር?»

«ወደ ፊት ነዋ። ሰው ሲሄድ ወዴት ያያል?»

«ከፊትሽስ ማን ያዘሽ?»

«አላህ ነዋ። ወንበሩማ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ሀዚም ሮጦ ዱላውን አነሣ፤ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ወገቡን ወደ ኋላ ያዝ አድርጎ አሳያቸው። ተዳፋቱ ሲገፋ ፍራሽ ውስጥ ከመግባት ያዳነኝ ይህ ነው፤ ክብደቴን ከኋላ አስያዝኩት አላቸው። ኮምቦልቻ ላይ የጣለኝም ይኸው ነው፤ ሜዳ ላይ ቁልቁለት ሳይኖር ፍሬን ያዝኩ ብሎ ጨመረ። ከዚያ ጋሽ ኪዳኑን ጠየቀ። ሚኒባሱ ውስጥ ከነጂው ጀርባ ያለው መቀመጫ ፊቱ ወደ ኋላ አይደል?

«ወደ ኋላ ነው» አሉ ጋሽ ኪዳኑ። «ተሳፋሪ ሁሉ ይሳደብበታል።»

«እንግዲያ እናቴ እዚያ ትቀመጥ። መኪናው ሲወርድ የሚገፋትን ጀርባዋ ይቀበለው።»

እማማ ሱሀይላ ነገሩን እንደ ጨርቅ ጥራት በጣታቸው የሚያሹት መሰሉ። በመጨረሻ ለዐሊማ፣ ያንን ጥቁር ሻሌን አምጪልኝ አሏት። ወዲያው ዛሬውኑ ሊወርዱ ነው፣ ሐሳባቸው ሳይቀየር። ከመጀመሪያው ኩርባ ደስ ካላላቸው ግን ይመለሳሉ፤ ማንም ምንም ላይላቸው ጋሽ ኪዳኑ እንዲምሉ ተደረገ።

ሚኒባሱ ከከተማው ጫፍ፣ ከጢጣ ወጣ። እማማ ሱሀይላ ጀርባቸውን ለነጂው፣ ፊታቸውን ለሌላው ሁሉ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሀዚም፣ ኢንሻራህና፣ በየመሀሉ የሚያስነጥሰው አብዱረህማን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሀዚምን ጉልበት ጨመቁት። መኪናው አፍንጫውን ደፋ። ገላቸው መቀመጫው ውስጥ ጠለቅ አለና ቆመ። ኩርባው መጣ፤ አለፈ። ጋሽ ኪዳኑ በመስተዋቱ እያዩ፣ እንኳን አንድ ቃል ትንፋሽም አላወጡም።

እማማ ሱሀይላ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ያዘኝ» አሉ።

ሁለተኛውንም ከፈቱ። በኋላው መስኮት ደሴ ከነጦሳዋ ከፍ፣ ከፍ እያለች ነበር። እየወረዱ አልመሰላቸውም፤ ከተማዋ ራሷ ወደ ላይ የምትሄድ ነው የመሰላቸው። ከዚያ ወዲህ አፋቸው ተፈታ። ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው የተቀመጡት በየኩርባው ሲንጋደዱና እጀታ ሲፈልጉ እያዩ፣ አይዟችሁ ልጆቼ፣ ኧረ በአላህ ያዙዋቸው እያሉ ቀለዱባቸው። አብዱረህማን ሲያስነጥስ የርሐሙከሏህ ይሉትና፣ በርበሬው ጥሩ ነው መሰለኝ፣ ለሰርጉ ይሆናል ይሉታል። ኢንሻራህ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ፤ ወይም እንባው ቀድሞ መጥቶ ሳቁ ሸፈነው።

ኮምቦልቻ ደረሱ። ሜዳው ዳር ሚኒባሱ ቆመ። እማማ ሱሀይላ ወርደው ሣሩን ረገጡ፤ ሀዚም የወደቀበት ቦታ ላይ ነበር፣ ምልክቱ ገና አልጠፋም። ሁለት እርምጃ ሄደው ተንገዳገዱ፤ የሀዚምን ክንድ ያዙ።

«ይኼ መሬት ምን ሆኖ ነው ቀጥ ያለው?» አሉ። ከዚያ በሻላቸው ጫፍ ፊታቸውን አራገቡ። «ሙቀቱን ግን አልዋሸህም፣ ልጄ።»

አብዱረህማን ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ መኪናው የት እንደሚቆም በእጁ እያመለከተ አሳያቸው። ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርከናንም አዩት፤ ልጃቸው ኳሷን ይህን ማሻገር አቅቶት ነው ወይ እያሉ በዓይናቸው ለኩት። ቀስ ብለውም ዞሩ፤ ሀረጎ ከበላያቸው በጭጋግ ውስጥ ይታያል።

«ደግ ነው» አሉ። «የኢንሻራህን ድንኳን እዚህ ትከሉት። የኔን ወንበር ግን ፊቱን ወደ ደሴ።»